ሁለት መህርዚያ፣ አንድ መስመር

«ሦስተኛ፣ ሠላሳ አንድ ጥያቄ የፈታችው፣ መህርዚያ ቡዘይን!» አሉ ማዳም ራውዳ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ።

የኮምፒውተር ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። በመስኮቱ በኩል፣ ከአሥራ አንድ ቁጥር ኮምፒውተር ጀርባ የተቀመጠች ልጅ ከወንበሯ ግማሽ ያህል ተነሳች። ማዳም ራውዳ ቀና ሲሉ ግን ግራ ተጋቡ። የፕሮግራሚንግ ክበቡ አባላት አሥራ አራት ናቸው፤ ከአሥራ አራቱ ሁለቱ መህርዚያ ቡዘይን ይባላሉ።

«የትኛዋ ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ማሂ ናታ፣ ማዳም!» ኢንስ ከፊተኛው ረድፍ ጮኸች።

«ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?» አለ ዋጂህ። አንደኛ የወጣው እሱ ስለነበር ያን ቀን ያልተጠየቀውንም ሁሉ ሲመልስ ነው የዋለው።

ከኢንስ ጎን የተቀመጠችው ማሂ ለአፍታ ዞር ብላ ወደ መስኮቱ አየች። ከዚያ ፀጉሯን ከትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ወርወር አድርጋ ተነሳች፤ ጭብጨባውም እንደ አዲስ ቀለጠ። በመስኮቱ በኩል ያለችው መህርዚያ ወንበሯን የምታስተካክል መስላ ተመልሳ ተቀመጠች።

አራተኛው ልጅ በሃያ ስምንት፣ አምስተኛዋ በሃያ አምስት ጥያቄ ተጠሩ። መህርዚያ የፈታችው ሃያ ሰባት ነው። ይህን በግምት አይደለም የምታውቀው። አንድ ጥያቄ በፈታች ቁጥር በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ አንድ ጭረት ታሰምር ነበር፤ ጭረቶቹን ደግሞ ከአንዴም አሥር ጊዜ ቆጥራቸዋለች። «ማዳም» አለች። ድምጿ ግን እንኳን ማዳም ራውዳ ዘንድ ሊደርስ አጠገቧ ያለው ልጅም አልሰማትም። ደወል ተደወለ፣ ወንበር ተንኳኳ፣ ሁሉም ማሂን ከብቦ ወጣ።

ውጤቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። መህርዚያ ሌሎቹ እስኪሄዱ ጠብቃ አነበበችው። ከላይ ወደ ታች አነበበች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበች፣ ከዚያ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። አሥራ ሦስት ስም ነው ያለው። መጨረሻ እንኳን አልወጣችም። ዝርዝሩ ላይ የለችም፣ በቃ።

የሁለቱ ልጆች ስም አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። አያታቸው መህርዚያ ባሏን ባሕር ከወሰደባት በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆቿን፣ ሪዳንና ሎትፊን፣ ዓሣ በጨው እየጠቀጠቀች በቆርቆሮ እያሸገች ያሳደገች ሴት ነበረች። ሁለቱም ወንድማማቾች የመጀመሪያ ሴት ልጄን በእናቴ ስም እጠራለሁ ብለው ማሉ። እንዳይሆን ሆኖ ሁለቱም ሴት ልጅ ወለዱ፣ ያውም በአራት ወር ልዩነት። ሪዳ «ታላቅ ወንድም እኔ ነኝ» አለ፤ ሎትፊ «ቀድማ የተወለደችው የኔ ናት» አለ። አንዱም አልለቅ ስላለ ሁለቱም በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ መህርዚያ ቡዘይን ተባሉ። በማህዲያ ከተማ ይህ ማንንም አይገርምም። የአንድ አያት ስም ለሦስትና ለአራት የልጅ ልጅ የተከፋፈለበት ቤት ሞልቷል።

ቤት ውስጥ ችግር አልነበረም። አንዷ «የሪዳ»፣ ሌላዋ «የሎትፊ» ናት። ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን የሎትፊ ልጅ ማሂ ተባለች። ያ የአሮጊት ስም እሷ ላይ ሲሆን አጠረ፣ ዘነጠ፣ የዘፋኝ ስም መሰለ። የሪዳ ልጅ ሙሉውን ስም ይዛ ቀረች፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ እሱም ቀረና «ሌላዋ» መባል ጀመረች። «ለሌላዋ ንገሪያት።» «ሌላዋ መጣች።» ልጆቹ ይህን የሚሉት በክፋት አልነበረም። በክፋት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ተጣልታ ይወጣላት ነበር።

ቱኒስ ወደሚካሄደው የፕሮግራሚንግ ውድድር መሄድ የፈለገችውም ለዚህ ነው። ከክበቡ የሚያልፉት አምስት ልጆች ከመላ አገሪቱ ከተውጣጡ ሰማንያ ልጆች ጋር ሦስት ቀን አብረው ያድራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ኮድ ይጽፋሉ። ከሰማንያዎቹ አንዱም ማሂን አያውቃትም። መህርዚያ ስሟን ስትናገር «አዎ፣ ግን የትኛዋ» የማይል ሰው ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጉታ ነበር። ሃያ ሰባቱን ጭረት ያሰመረችው በዚህ ጉጉት ነው።

ውጤቱ በተነገረበት ዓርብ ማታ አጎቷ አሚ ሎትፊ መቅሩድ የሚባለውን የቴምር ጣፋጭ ሁለት ሳጥን ይዞ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። እሱና አባቷ ወደቡ አጠገብ የጀልባ ሞተር የሚጠግኑበት ጋራዥ አላቸው፤ ለወደቡ ሰው ሁሉ አንድ ሳጥን አድሎ ነው የመጣው። «የእናታችን ስም ቱኒስ ሊገባ ነው!» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም በላ። የመህርዚያ አባት በሞተር ዘይት የጠቆረ እጁን ጭንቅላቷ ላይ አሳርፎ «አንቺ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት፣ እሺ ልጄ» አላት። መህርዚያ መቅሩዱን አኘከችው፤ ማሩ ጥርሷ ላይ ተጣበቀ እንጂ ጣዕሙን አላስተዋለችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ላፕቶፑን ከፈተች። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ገመዱን በአንድ እግሯ ጣት ደግፋ ነው የምትሠራበት። ውጤቱን የሚቆጥረውን ፕሮግራም በደንብ ታውቀዋለች። የጻፈችው ራሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ያኔ ክበቡን የሚመሩት የኮምፒውተር መምህሩ ሲ ሞንጂ ነበሩ፤ ከታኅሣሥ እረፍት በኋላ ወደ ጋፍሳ ተዛውረው የሒሳብ መምህርቷ ማዳም ራውዳ ተተኩ። ሲ ሞንጂ «መህርዚያ፣ አንቺ ስሪው» ነበር ያሏት። ማሂ ገና ክበቡን አልተቀላቀለችምና መህርዚያ ማለት እሷ ብቻ ነበረች። አንድ ተማሪ ጥያቄ ሲፈታ ስሙንና የጥያቄውን ቁጥር ጽፎ «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ፕሮግራሙ ይመዘግባል፤ በዓመቱ መጨረሻ ይደምራል። ቀላል ነገር ነው።

ግን ዋጂህ የሚባል ጉድ ነበረ። «ላክ» የሚለውን አምስቴ ቢጫኑት አምስት ጊዜ እንደሚመዘገብ ደረሰበት። በሦስተኛው ሳምንት ከተሰጡት አሥራ ሁለት ጥያቄዎች አርባውን ፈትቶ ተገኘ። ሲ ሞንጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚመጣውን ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች ጽፈው ማንም እንዲጠቀምበት የተዉትን ዝግጁ ኮድ፣ መመሪያውን ከፈቱላትና ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። ሦስቱም ውስጥ ተመሳሳይ ስሞች በነጠላ ሰረዝ ተለያይተው ተደርድረዋል። ልዩነታቸው ቅንፉ ብቻ ነው፤ አንዱ ባለ ማዕዘን፣ አንዱ ክብ፣ አንዱ ጠምዛዛ።

«ስታያቸው እህትማማች ይመስሉሻል» አሏት። «ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ባለ ማዕዘኑ ዝርዝር ይባላል፤ የሰጠሽውን ሁሉ በመጣበት ተራ ይይዛል፣ አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ብትሰጪው መቶ ጊዜ ይጽፋል። ክቡ አንዴ ከተሞላ በኋላ አይነካም፤ አትጨምሪበትም፣ አትቀንሺበትም። ጠምዛዛው ደግሞ ስብስብ ነው። እሱ አንድን ነገር ሁለቴ አይዝም። ‹ይሄማ አለኝ› ብሎ ሁለተኛውን ይጥለዋል።»

«ሲጥለው ይናገራል?»

«ትንፍሽ አይልም።»

መህርዚያ ያኔ በጣም ተደስታ ነበር። ዝርዝሩን በስብስብ ለወጠችው፤ የተለወጠው አንድ መስመር ብቻ ነው። በማግስቱ የዋጂህ አርባ ጥያቄ ሰባት ሆነ፤ ዋጂህም ለአንድ ሳምንት አኮረፋት።

አሁን ያቺን መስመር እያየች ቆየች። በጥር ወር ኢንስ ክበቡ ውስጥ ስለገባች ማሂም ተከትላ ገብታለች። ማሂ ስሟን ስትጽፍ እንደ መዝገቡ ነው የምትጽፈው። መህርዚያ ቡዘይን፣ ጥያቄ አራት። መህርዚያ ቡዘይን፣ ጥያቄ ዘጠኝ። ስብስቡ ከየት ሊያውቅ?

ጠምዛዛውን መልሳ በባለ ማዕዘኑ ለወጠችና ፕሮግራሙን አስነሳች። ዋጂህ ወደ ሰባ ሦስት ተስፈነጠረ። መህርዚያ ቡዘይን ከሠላሳ አንድ ወደ ሠላሳ ስድስት ከፍ አለች። ከዚያ ጥሬውን መዝገብ በፍላሿ ላይ ከያዘችው ቅጂ ከፈተች። እዚያ በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ የተላከበት ኮምፒውተር ቁጥር አለ፤ በክበቡ ደንብ ደግሞ ማንም ከራሱ ኮምፒውተር ላይ አይነሳም። ከአሥራ አንድ ቁጥር ሃያ ሰባት ተልኳል፤ ከሦስት ቁጥር፣ ከማሂ፣ ዘጠኝ። ሁለቱም የፈቷቸው አምስት ጥያቄዎች አሉ። ስብስቡ እነዚያን አንዴ ብቻ ቆጥሮ የቀረውን በአንድ ስም ሥር ከመረው፤ ሠላሳ አንድ።

ዋጂህን ልትይዝበት የዘረጋችው መረብ ራሷን ነው የያዘው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። በዓለም ላይ ይህን ስህተት መሥራት የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ ከተወለደች ጀምሮ ሁለተኛ መህርዚያ መኖሯን አንድ ቀን እንኳን ረስታ አታውቅም፣ ኮድ ስትጽፍ ብቻ ረሳችው። ከሳቁ ቀጥሎ እንባዋ መጣና ገመዱን የያዘው እግሯ ተንሸራትቶ ላፕቶፑ ጠፋ።

እሑድ ጠዋት ሁለቱ ቤተሰቦች በሚጋሩት ጣራ ላይ ማሂ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አንሶላውን ከእጇ እየነጠቀ ያስቸግራታል። መህርዚያ አንዱን ጫፍ ያዘችላት።

«ማሂ፣ ስንት ጥያቄ ነው የፈታሽው?»

«ሰምተሻል አይደል? ሠላሳ አንድ።»

«ዘጠኝ ነው።»

ማሂ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «ማን አለሽ?»

«መዝገቡ። የሁለታችንን ደምሮ ነው ላንቺ የሰጠሽ። ስማችን አንድ ስለሆነ አንድ ሰው አድርጎናል።»

«ድምፅሽን ቀንሺ። ባባ ታች ነው።» ማሂ ወደ ደረጃው አየት አደረገች። ፊቷ ቀልቷል። «አላወቅኩም ነበር። ወላሂ መጀመሪያ አላወቅኩም። ስሜ ተጠራ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ኢንስ ጮኸች። ምን ልበል ታዲያ?»

«‹እኔ አይደለሁም› በያ።»

«ላንቺ ቀላል ነው። አንቺን ማንም አያይሽም።»

ማሂ አንሶላውን አስፈላጊ ባልሆነ መቆንጠጫ ሁሉ ቆነጠጠችው።

«ይቅርታ» አለች ቆይታ። «እንደዚያ ማለቴ አልነበረም። ግን ባባን አየሽው አይደል? ለወደቡ ሁሉ ነው የነገረው። አሁን ሄጄ ‹ዘጠኝ ነው የፈታሁት› ልበለው? ደግሞ ስሚ፣ ኮዱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ብትናገሪ ማን ላይ ነው የሚስቁት? ራሷን የሰረዘች ጂኒየስ ይሉሻል። ዋጂህ ባካሎሪያ እስክንወስድ ሙድ ሲይዝብሽ ነው የሚኖረው።»

መህርዚያ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ዋጂህ ሆዱን ይዞ ሲንከባለል ታያት።

«ነገ በእረፍት ለምን ከኛ ጋር አትቀመጪም?» አለች ማሂ፣ በሌላ ድምፅ። «ሁሌ ብቻሽን ደረጃው ላይ ስትቀመጪ አልወደውም እኮ። ልጠራሽ አስባለሁ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። ነገ ነይ። ቦታ እይዝልሻለሁ።»

መህርዚያ ሞኝ አይደለችም። ምን በምን እየተለወጠ እንደሆነ ገብቷታል። ቢሆንም «ቦታ እይዝልሻለሁ» የሚለው ነገር ሆዷን አባባው፤ አባብቶትም በራሷ ተናደደች። እሺም እንቢም ሳትል ባዶውን ቅርጫት ይዛ ወረደች።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ሄደች።

ማሂ ቃሏን ጠብቃ በሾላው ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጠጋ አለችላት። ከኪዮስኩ የገዙትን ቱናና ሃሪሳ ያለበትን ካስክሩት የሚባል ሳንድዊች ለሦስት ተካፈሉት። ኢንስ የፈረንሳይኛ መምህራቸው ሲያነጥሱ እንዴት እንደሚሆኑ አስመስላ አሳየች። መህርዚያ ሃሪሳው ሲያቃጥላት «ይሄ ሃሪሳ ነው ወይስ የባባ ሞተር ዘይት?» አለች፤ ኢንስ ሳቀች፣ ከልቧ ነው የሳቀችው፣ ማሂም እጇን ትከሻዋ ላይ ጣለች። ደስ ይል ነበር። መዋሸት አያስፈልግም፣ በጣም ደስ ይል ነበር። ሰው ጋር ሲቀመጡ እረፍት እንዴት አጭር እንደሆነ መህርዚያ ረስታው ነበር።

«እንዴ ቆይ፣ አንቺም ክበቡ ውስጥ ነሽ አይደል?» አለች ኢንስ በድንገት። «በሩ ላይ ስምሽን አላየሁትም። ስንተኛ ወጣሽ?»

«እሷ እኮ ለውድድሩ አይደለም የምትመጣው» አለች ማሂ ቶሎ ብላ። «እኔን ለማገዝ ነው። ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ናት፣ ትረዳኛለች።» ከወንበሩ ሥር የመህርዚያን እጅ ያዘችና ጨበጥ አደረገችው። «አይደል?»

ኢንስ መልሱን እየጠበቀች ነው። የማሂ እጅ ቀዝቅዟል፣ ላብም አለበት።

«አዎ» አለች መህርዚያ።

«ታድለሽ ማሂ! እኔም እንደዚህ ዓይነት የአጎት ልጅ ቢኖረኝ» አለች ኢንስ፤ ወሬውም ወደ ሌላ ሄደ።

መህርዚያ የቀረውን ካስክሩት መዋጥ አቃታት። በወረቀቱ ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ቀጥሎ ታሪክ ነበር፣ ከታሪክ ቀጥሎ ፊዚክስ፤ መምህራኑ ምን እንዳሉ ብትጠየቅ አንድም አትመልስም። ዓርብ ዕለት ኢንስና ዋጂህ ጮኸው አስቀሯት። ከዚያ በፊት ስብስቡ ትንፍሽ ሳይል ጣላት። ዛሬ ግን ማንም አልጣላትም፤ በራሷ አፍ «አዎ» ብላ ራሷን አወጣች። ሃያ ሰባቱ ጭረት ያለበትን ገጽ ገለጠችና አየችው። ማንን ለማገዝ ነው ያሰመረችው? እንዳታለቅስ የእስክሪብቶዋን ክዳን ነከሰች።

ማዳም ራውዳ የአምስቱን ልጆች ስም ወደ ቱኒስ የሚልኩት ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ መህርዚያ በር ላይ ማሂን ጠበቀቻት። ኢንስ ብስክሌቷን ልታመጣ ሄዳለች።

«ለማዳም ልነግራቸው ነው» አለች መህርዚያ። «ያንቺን ነገር አላነሳም። ስለ ኮዱ ብቻ ነው የምናገረው። ለአሚ ሎትፊ ግን አንቺ ቀድመሽ ንገሪው፣ ከሰው ከሚሰማው።»

ማሂ ረጅም ጊዜ አየቻት። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው።

«እንግዲህ ነገ ቦታ ልይዝልሽ አልችልም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ኢንስ ትጠላሻለች። ውሸታም አደረገችሽ ትለኛለች።»

«አውቃለሁ፣ ማሂ።»

ማሂ ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ኢንስ የብስክሌቷን ደወል እያንጫረረች ስትመጣ ግን ተወችውና ሄደች። ሁለቱ ብስክሌቱን መሐል አድርገው ወደ ባሕሩ መንገድ ሲታጠፉ መህርዚያ ከኋላ አየቻቸው። ልትከተላቸው ፈልጋ ነበር። እንደማትከተላቸው እርግጠኛ እስክትሆን ድረስ ቆማ፣ ከዚያ ዞራ ደረጃውን ወጣች።

ማዳም ራውዳ የሒሳብ ወረቀት እያረሙ ነበር። መህርዚያ ፍላሿን አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ሰካችና መጀመሪያ ስህተቱን፣ ቀጥሎ ማስተካከያውን አሳየቻቸው። ወደ ዝርዝሩ ከተመለሰች ዋጂህ ሰባ ሦስት ይሆናል፤ ስለዚህ ስብስቡን አልነካችውም። ከስሙና ከጥያቄው ቁጥር ጎን የኮምፒውተሩም ቁጥር እንዲገባ ነው ያደረገችው። አሁን አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ያለችው መህርዚያና ሦስት ቁጥር ላይ ያለችው መህርዚያ ለስብስቡ አንድ አይደሉም። ፕሮግራሙን ስታስነሳው አሥራ አራት መስመር ወጣ። አራተኛው መስመር ላይ ስሟ አለ፣ ሃያ ሰባት። መጨረሻው ላይ እንደገና ስሟ አለ፣ ዘጠኝ፤ ያኛው የማሂ ነው።

ማዳም ራውዳ መነጽራቸውን አውልቀው አፍንጫቸውን አሹ።

«ዓርብ ልትነሺ ነበር» አሉ። «አይቼሻለሁ። ‹የትኛዋ› ብዬ ጠየቅኩና የመጀመሪያውን መልስ ተቀበልኩ። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።»

መህርዚያን መምህር ይቅርታ ሲጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው።

«ለመሆኑ ማሂ ይህን ታውቃለች?»

«ስለ ኮዱ ነው የመጣሁት፣ ማዳም።»

ማዳም ራውዳ ገባቸው፤ አልደገሙትም። ከተከመረው ወረቀት ላይ አንድ ባዶ ወረቀት ስበው የአምስቱን ስም እንደገና መጻፍ ጀመሩ። አራተኛው ጋ ሲደርሱ መህርዚያ ቡዘይን ብለው ከጎኑ የልደት ቀኗን ጨመሩበት።

«ነገ ለልጆቹ የኮምፒውተር ስህተት ነበር እላቸዋለሁ» አሉ። «አጭርና ግልጽ ነው። ማንም በማንም አይስቅም፣ ማንም አያፍርም። ጥሩ አይደል?»

ጥሩ ነበር። እንዲያውም ከዚህ የተሻለ መውጫ አይገኝም። መህርዚያ «አዎ» ብትል ነገሩ እዚህ ያልቃል፤ ዋጂህ አይስቅም፣ ኢንስም ኮምፒውተሩን ረግማ ትረሳዋለች፣ ምናልባት ከሳምንት በኋላ በሾላው ሥር ያለው ቦታም ይመለስላት ይሆናል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ያቺን አንድ መስመር አየቻት። በጥቅምት ወር ሲ ሞንጂ «መህርዚያ፣ አንቺ ስሪው» ሲሏት ከጻፈችው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ የቆየው ያ ነው። ትክክል አልነበረም፤ ግን ሌላ ማንም አልጻፈውም።

«ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም፣ ማዳም። እኔ የነገርኩትን ነው ያደረገው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ኮዱን የጻፈችው መህርዚያ ተሳስታለች ይበሉ። ሁለት ሰው አንድ ስም ሊኖረው እንደሚችል ረስታ ነበር ይበሉ።»

ማዳም ራውዳ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው አዩዋት። «ልጄ፣ አንቺ ይህን ረሳሁ ስትዪ ክፍሉ በሳቅ ነው የሚፈርሰው እኮ። ታውቂዋለሽ አይደል?»

መህርዚያ ታውቀዋለች።

«ይሳቁ፣ ማዳም» አለች። «ስህተቱ የኔ ነው። ለኮምፒውተሩ አይስጡብኝ።»